በሌላ ሰው መሬት ላይ ስለሚያልፍ መንገድ

«የእኔ» የሚለው ቃል ሰው አስቀድሞ ከሚለምዳቸው ቃላት አንዱ ነው። ሕፃን ልጅ ገና እግሩን ሳያጸና ያውቀዋል፤ ሽማግሌም ሌላውን ሁሉ ሲረሳ ይህን አይረሳም። ነገር ግን ይህ አጭር ቃል እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድና የት ላይ መቆም እንደሚገባው መርምሮ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ነገር የእኔ ነው ማለት ለእኔ ብቻ ነው ማለት ነውን? ወይስ የእኔ ሆኖ ሳለ ሌላው ሰው ድርሻ ሊኖረው ይችላል? በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ይህን ጥያቄ ነው። የምመረምረውም ከፈላስፎች መጽሐፍ ተነሥቼ ሳይሆን በእግሬ ከሄድሁበት ከአንድ ቀጭን መንገድ ተነሥቼ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ፣ ሴት ልጄ ለሥራ ወደ ሄደችበት ወደ እንግሊዝ አገር ተጉዤ ሉድሎ በምትባል ከተማ አያሌ ወራት ተቀምጫለሁ። ሉድሎ በሽሮፕሺር አውራጃ፣ ከዌልስ ወሰን አጠገብ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ሕዝቧ 10 ሺሕ ያህል ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መሠራት የጀመረ የድንጋይ ግንብ አላት፤ ከግንቡ ፊት ባለው አደባባይ በሳምንት አራት ቀን፣ ማለት ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። ልጄ ማለዳ ወደ ሥራዋ ስትሄድ እኔ ከቤት ብቻዬን እቀር ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ከወንበሩ ጋር ከተወዳጀ ብዙ እንደማይቆይ ስለማውቅ፣ በየቀኑ በእግሬ መውጣትን ልማድ አደረግሁ።

የዘወትር መንገዴ ይህ ነበር። ከገበያው አደባባይ ተነሥቼ በግንቡ ሥር ዞሬ ቁልቁል ወደ ዲናም ድልድይ እወርዳለሁ፤ ይህ ድልድይ በ1823 የተሠራ ነው። በእርሱም ላይ ቲም የሚባለውን ወንዝ እሻገራለሁ። ቲም ከዌልስ ተራሮች ወርዶ ከዉስተር ከተማ በታች ከሰቨርን ወንዝ ጋር የሚገናኝ ነው። ከድልድዩ ማዶ በገደሉ ሥርና በወንዙ ዳር እየተጠማዘዘ ወደ ሉድፎርድ ድልድይ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ፤ ስሙም «የዳቦ መንገድ» ይባላል። ስለዚህ ስም ኋላ እመለስበታለሁ። ሉድፎርድ ድልድይ ስደርስ ወንዙን መልሼ ተሻግሬ፣ ብሮድጌት በተባለው በጥንቱ የከተማ በር ገብቼ ዳገቱን ወደ ገበያው እወጣለሁ። ብርታት ባገኘሁ ቀን ግን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ዊትክሊፍ ወደተባለው ኮረብታ እወጣ ነበር። ከዚያ ላይ ሆነው ሲመለከቱ ግንቡ፣ የቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ረጅም ግንብና የቤቶቹ ጣራ ሁሉ እንደ ሥዕል ከፊት ይታያል፤ ከኋላውም 533 ሜትር ከፍታ ያለው ቲተርስቶን ክሊ የተባለው ተራራ ይቆማል።

ከዚያ አልፎ መሄድ ሲጀመር ነው ጥያቄው የሚነሣው። ከተማው አልቆ የገበሬው መሬት ሲጀምር፣ በአጥሩ ጥግ «የሕዝብ የእግር መንገድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት እንጨት ተተክሎ ይታያል። በአጥሩም ላይ ሳንቃ እንደ ደረጃ ተጋድሞበት፣ ሰው ተረማምዶ የሚያልፍበት፣ በግ ግን የማያልፍበት መሻገሪያ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው መስክ የአንድ ሰው ገንዘብ ነው። ሣሩ የእርሱ ነው፤ በጎቹም የእርሱ ናቸው፤ ግብሩንም የሚከፍል እርሱ ነው። ሆኖም ማንም ሰው፣ ባለቤቱን ሳያስፈቅድና ስሙን ሳይናገር፣ በዚያ መስክ መካከል ማለፍ ይችላል። እንደዚህ ያለው መንገድ በእንግሊዝና በዌልስ ተደምሮ ወደ 140 ሺሕ ማይል፣ ማለት 225 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አንድ ቀን በእንደዚህ ያለ መስክ ሳልፍ አንድ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማያንስ ገበሬ ከሩቅ አይቶኝ መጣ። «ጌታዬ፣ መንገድ ጠፍቶብዎት ነውን?» አለኝ። ይህ ጥያቄ የቸርነትም የጥርጣሬም ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይረዳዋል። እኔም «አልጠፋብኝም፤ በመንገዱ ላይ ነኝ» ስል መለስሁለት። እርሱም ወደ እግሬ ተመለከተና በመንገዱ ላይ መሆኔን አይቶ ራሱን ነቅንቆ «እውነት ነው» አለ። ከዬት እንደ መጣሁ፣ ማን እንደ ሆንሁ፣ ምን እንደምፈልግ አልጠየቀኝም። በሰው አገር የኖረ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመልስ ያውቃል፤ ስለዚህ ያለ መጠየቅ ማለፍ ምን ያህል ዕረፍት እንደ ሆነ ለመናገር እቸገራለሁ። በዚያ መስክ ላይ የተፈለገብኝ እግሬ በቦታው መሆኑ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከገበሬው ጋር ብዙ ተነጋገርን። እርሱም እንዲህ አለኝ፦ «መንገዱን አልጠላውም፤ አባቴም ከእርሱ ጋር ኖሯል። የምጠላው በሩን ክፍት ትቶ የሚሄደውን ሰው ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ እንዲህ አድርጎ ሄዶ በጎቼ ከጎረቤቴ በጎች ጋር ተደባልቀው እነርሱን ለመለየት ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። በመውለጃቸውም ወራት አንድ ውሻ ከባለቤቱ እጅ ቢያመልጥ፣ የተባረረችው በግ ጽንሷ ይጨነግፋል። የከተማ ሰው በቤቴ መስክ ሲያልፍ፣ እኔ ግን በእርሱ የአትክልት ቦታ አላልፍም። ይህ ትክክል ነው ይላሉ?»

ይህ የገበሬው ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ስለ መብት የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሌላውን ሰው ድካም በአንድ ቃል ይሽራሉ። መሬቱን የሚያርሰው፣ አጥሩን የሚጠግነው፣ በውርጭ ሌሊት ተነሥቶ የወለደችውን በግ የሚያየው ያ ሰው ነው፤ አላፊው ግን ለአንድ ሰዓት ተደስቶ ወደ ሞቀ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ጥያቄውን በሚገባ ለመመለስ ሁለቱንም ወገን ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ባለ መሬቱ የሚነገረው ይህ ነው፦ ሰው የደከመበትን ነገር መጠበቅ ካልተፈቀደለት መድከሙን ይተዋል። ሁሉም የሚገባበት እርሻ የማንም እርሻ አይሆንም። ስለ አላፊው የሚነገረው ደግሞ ይህ ነው፦ መሬትን የሠራት ሰው የለም። ዛሬ በአንድ ሰው ስም የተጻፈው መስክ፣ ስሙ ከመጻፉ በፊት ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወፍጮና ወደ ገበያ ሲሄዱ ይመላለሱበት የነበረ ነው። የገበያ ከተማ ያለ መንገድ ሊኖር አይችልም፤ ሉድሎን የመሰለች ከተማ ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር መካከል ናት፤ ክሮቿም ከየመንደሩ እንቁላልና ቅቤ ተሸክመው የመጡ ሰዎች የረገጧቸው መንገዶች ናቸው። ከዚህም በቀር መሬቱን የገዛ ወይም የወረሰ ሰው መንገዱን ጭምር ነው የገዛውና የወረሰው። እንግዲህ መንገዱ ከርስቱ የተወሰደበት ነገር አይደለም፤ ከመጀመሪያውም የእርሱ ሆኖ አያውቅምና። ገበሬው ስለ አትክልት ቦታ የተናገረውም በዚሁ ይመለሳል። ከከተማው ሰው ጓሮ የማይገባው ጓሮው ጥንት መንገድ ስላልነበረበት ነው፤ መንገድ ያለበት ጓሮ ቢሆንማ፣ ያውም ጥቂት አይደለም፣ ገበሬው ራሱ ያለ ማንም ከልካይ በውስጡ ሊያልፍ ይችላል።

የአገሩም ታሪክ የሚያሳየው ይህን ክርክር ነው። ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 በላይ በሆኑ ሕጎች፣ ቀድሞ የመንደር ሰዎች በኅብረት ሲያሰማሩበትና ሲያርሱበት የነበረውን 6.8 ሚሊዮን ኤከር መሬት ለየግል እንዲታጠር አድርጓል። ይህም ከአገሩ መሬት ከአምስት አንዱን እጅ የሚያህል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አንዱን ጋሻ 40 ሄክታር ብንለው 69 ሺሕ ጋሻ ያህል ይሆናል። እርሻው በዚህ ተሻሻለ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን አንዲት ላም የነበረችው ደኻ የሚያሰማራበትን አጣ። ዊትክሊፍም ቀድሞ የሉድሎ ሰዎች እንጨት የሚለቅሙበት፣ ከብት የሚያሰማሩበትና ለቤታቸው ድንጋይ የሚፈነቅሉበት የኅብረት መሬት ሲሆን፣ ዛሬ ያለው ከቀድሞው የተረፈው ክፍል ብቻ ነው።

በ1932፣ አፕሪል 24 ቀን፣ በደርቢሺር አውራጃ ኪንደር ስካውት ወደሚባለው ተራራ አራት መቶ ያህል ሰዎች በቀን ብርሃን፣ በግልጽ ወጡ። ብዙዎቹ ሰኞ እስከ ቅዳሜ በፋብሪካ ጭስ ውስጥ የሚውሉ ወጣቶች ነበሩ። ተራራው ለወፍ አደን ተከልሎ ስለ ነበር ከጠባቂዎቹ ጋር ግብግብ ሆነ፤ ከወጣቶቹም አምስቱ ተፈርዶባቸው ከሁለት እስከ ስድስት ወር ታሰሩ። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ መንግሥት የእግር መንገዶች ሁሉ በካርታ ላይ እንዲመዘገቡ ሕግ አወጣ። በ2002 ደግሞ የነገሩ ሰባኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የዚያን ዘመን የተራራው ጌታ የልጅ ልጅ የሆነው 11ኛው የዴቨንሺር ዱክ በአደባባይ ወጥቶ አያቱ ስላደረገው ይቅርታ ጠየቀ። ሕግና ፍትሕ በአንድ ዘመን ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ፣ ፍትሕ ቀድሞ ሄዶ ሕግ በኋላ እያነከሰ እንደሚደርስበት ከዚህ እንማራለን። ነገር ግን ይህን ምሳሌ አድርጎ አጥር የዘለለ ሁሉ ጻድቅ ነው የሚል ቢኖር ይሳሳታል። ልዩነቱን የሚያስረዳን ያው የመንገዱ ሕግ ነው።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ሰዎች በአንድ መሬት ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ ካለፉበት፣ ባለ መሬቱም መንገድ ሊሰጥ እንዳላሰበ ካላስታወቀ፣ ያ መተላለፊያ የሕዝብ መንገድ ሆኗል ተብሎ ይቆጠራል። ነገር ግን አካሄዳቸው በሦስት ነገር ንጹሕ መሆን አለበት። አንደኛ፣ በኃይል መሆን የለበትም፤ አጥር ሰብሮ ያለፈ ሰው ሺሕ ጊዜ ቢያልፍ መብት አያገኝም። ሁለተኛ፣ በስውር መሆን የለበትም፤ በጨለማ ተደብቆ ያለፈ መንገደኛ መንገድ አላወጣም። ሦስተኛ፣ በፈቃድ መሆን የለበትም፤ ባለቤቱን እየለመነ ያለፈ ሰው መቶ ዓመት ቢመላለስ መብት አይኖረውም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሰው ሁሉ በቶሎ ይረዳል። የሦስተኛው ምክንያት ግን ምንድር ነው? ልመና ኃጢአት ነውን? አይደለም። ነገር ግን የተለመነ ቸርነት ቁልፉ በሰጪው እጅ የሚቀር ነው። ዛሬ «እለፍ» ያለኝ ሰው ነገ «አትለፍ» ሊለኝ ይችላል፤ እኔም እያለፍሁ ሳለሁ ፊቱን ማየት፣ ቁጣውን መፍራት፣ ደስ የሚያሰኘውን መናገር አለብኝ። መብት ያለው ሰው ግን ባለ መሬቱን ሳይፈራም ሳይንቅም፣ በእኩልነት «እንደምን አደሩ» ብሎት ያልፋል። በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎች የታረመ የፈተና ወረቀታቸውን ለማየት ሲመጡ እጅ እየነሡ ይለምኑ ነበር። እኔም «ልጄ፣ ይህ ወረቀት ያንተ ነው፤ በትሕትና ጠይቅ እንጂ አትለምን» እላቸው ነበር። ትሕትና የሁሉም ጌጥ ናት፤ ልመና ግን የራስን ገንዘብ እንደ ሌላ ሰው ገንዘብ መቁጠር ነው።

አሁን ወደ ዳቦ መንገድ እመለሳለሁ። ይህ የወንዝ ዳር መንገድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ፣ ሠራተኞቹ ገንዘብ ቢሰጣቸው በመጠጥ ቤት ይጨርሱታል ተብሎ ስለ ተፈራ ደመወዛቸው በዳቦ ተከፈላቸው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። በዚያ መንገድ ስመላለስ ይህን ነገር ብዙ አሰብሁበት። የከፈሉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ምናልባትም የብዙ እናቶችንና ልጆችን ራት አትርፈዋል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የፈለጠ ሰው ማታ ዳቦውን ሲቀበል አብሮ የተቀበለው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም «አንተ አትታመንም» የሚል ፍርድ ነው። ከመካከላቸው መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ፣ ለልጁ ጫማ ሊገዛ ያሰበ ሰው ቢኖር፣ እርሱም ዳቦ ተሸክሞ ሄደ። ደመወዝ መብት ነው፤ መብትም ለተቀባዩ ፈቃድ የሚተው ነገር ነው። ደመወዙን ለእርሱ እንደሚበጀው አድርጌ እኔ ልምረጥለት የሚል ሰው፣ ሙሉውን ከፍሎ ሳለ ከፊሉን በእጁ አስቀርቷል። በጎ ማድረግ የምንወድ ሰዎች፣ ይልቁንም አስተማሪዎችና አባቶች፣ ይህን ልናስበው ይገባናል። ለልጆቻችን፣ ለሠራተኞቻችን፣ ለድኾች ዘመዶቻችን ከምንሰጠው ውስጥ ስንቱ ገንዘብ ነው፣ ስንቱስ ዳቦ?

ሆኖም አንባቢ ሆይ፣ መብት ከቸርነት ይበልጣል ብዬ ስናገር፣ ባለ መብቱ ግዴታ የለበትም ማለቴ እንዳይመስልህ። በመንገዱ ላይ ያለው መብት የማለፍ መብት ነው፤ የመስፈር፣ ፍሬ የመልቀም፣ እሳት የማንደድ መብት አይደለም። መንገድ መስመር ነው እንጂ መስክ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ያለው ሕግ ይህን ወሰን በሚያስደንቅ ሁኔታ ያስተምራል፤ ወደ ጎረቤቱ የወይን ቦታ የገባ ሰው እስኪጠግብ እንዲበላ ይፈቅድለታል፤ በዕቃው ይዞ እንዳይወጣ ግን ይከለክለዋል። በእህሉም መካከል በእጁ እሸት እንዲቀጥፍ ይፈቅድለታል፤ ማጭድ እንዳያነሣ ግን ይከለክለዋል። በእጅና በማጭድ መካከል ያለው ልዩነት የመንገደኛና የሌባ ልዩነት ነው። እስራኤልም በኤዶም ምድር ለማለፍ ሲጠይቁ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እንደማይሉ፣ ከብቶቻቸው ለሚጠጡትም ውኃ ዋጋ እንደሚከፍሉ ቃል ገብተው ነበር። የኤዶም ንጉሥ ግን ሰይፍ ይዞ ወጣባቸው። የጠየቁት ጥቂት ነበር፤ የተከለከሉበት ቁጣ ግን ብዙ ነበር። የ«የእኔ» ክፋቱ ይህ ነው፤ ምንም ሳይጐድልበት እንኳ ይቈጣል።

የእንግሊዝም ሕግ ግዴታን በሁለቱም ወገን ላይ አስቀምጧል። ገበሬው በእርሻው መካከል የሚያልፈውን መንገድ ለዘር ቢያርሰው በ14 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲያስተካክለው፣ ስፋቱም ከአንድ ሜትር እንዳያንስ በ1990 ተደንግጓል። መንገደኛው ደግሞ በሩን እንዳገኘው እንዲተው ይመከራል፤ ተዘግቶ ያገኘውን ይዘጋል፤ በጎች ውኃ እንዲያገኙ ሆን ተብሎ የተከፈተውንም እንደ ተከፈተ ይተዋል። ይህች ትንሽ ደንብ ከብዙ ስብከት ትበልጣለች። «መልካም የመሰለህን አድርግ» አትልም፤ «እንዳገኘኸው ተወው» ትላለች እንጂ። በሌላ ሰው ነገር ውስጥ የሚያልፍ ሰው የመጀመሪያ ጥበቡ፣ ያልገባው ነገር ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ማመን ነው።

መብት ለችግር ቦታ መልቀቅ እንዳለበትም በ2001 ታይቷል። በዚያ ዓመት የከብትን አፍና ኮቴ የሚያቆስለው በሽታ በአገሩ ተነሥቶ ከ6 ሚሊዮን በላይ ከብቶች፣ በጎችና አሳማዎች ተገደሉ። በሽታው በጫማ ጭቃ እንዳይተላለፍ ተፈርቶ በአገሩ ያሉ የእግር መንገዶች ብዙ ወራት ተዘጉ። መንገደኛው ተድላው ተቋረጠበት፤ ገበሬው ግን ዕድሜውን ሙሉ ያረባው መንጋ ሲቃጠል አየ። በእንደዚያ ያለ ጊዜ «መብቴ ነው» የሚል ሰው ቢኖር፣ የመብትን ፊደል እንጂ ነፍሱን አያውቅም። በ2020 ደግሞ በሰው ላይ ወረርሽኝ መጥቶ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ በተዘጋ ጊዜ፣ መንግሥት ለሰው ካልከለከላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ በቀን አንድ ጊዜ ወጥቶ በእግር መንሸራሸር ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰዎች ከቤታቸው አጠገብ የነበረውን መንገድ መጀመሪያ ያዩት መሰላቸው።

ሌላ ደግሞ ልብ ያልሁት ነገር አለ። በከተማው ሰፊ ጎዳና ላይ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ ያልፋሉ፤ እነዚያው ሰዎች በቀጭኑ የእግር መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን ቆመው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ አንዱ ለአንዱ መንገድ ይለቃል፣ ስለ ዝናቡም ይነጋገራሉ። ይህ የሆነው መንገዱ ስለሚጠብብ ብቻ አይመስለኝም። ሁለቱም በሌላ ሰው መሬት ላይ እንግዶች መሆናቸውን ስለሚያውቁ ነው። እንግድነቱን የሚያውቅ ሰው ለሌላው እንግዳ ይራራል። እኔ የሌላ አገር ሰው ሆኜ በዚያ የተተከለው እንጨት ላይ «የሕዝብ» የሚለውን ቃል ሳነብ፣ እኔም ከሕዝቡ ተቈጥሬ አልፍ ነበር፤ ሕጉ አላፊውን ሁሉ ሕዝብ ብሎ ስለሚጠራው። ባለ ርስት ያልሆነ፣ በዚያ ምድር አንድ ስንዝር የሌለው ሽማግሌ፣ በ140 ሺሕ ማይል መንገድ ላይ ከዱኩ ጋር እኩል ነበር።

ይህ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በገጠር የተወለደ ሁሉ በእርሻ ድንበር ላይ ወደ ገበያና ወደ ውኃ የሚወርደውን ቀጭን መንገድ ያውቃል፤ ማንም ጽሑፍ አልተከለበትም፣ ግን ባለ እርሻው ለመንገደኛው ይተውለታል፤ መንገደኛውም እህሉን ላለመርገጥ አህያውን ጠበቅ አድርጎ ይነዳል። የመሸበት እንግዳም «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል በር ይከፈትለታል። ያልተጻፈው ልማድ ከተጻፈው ሕግ አያንስም፤ የሚያንሰው ሰው ልማዱን በተወ ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። መንገድ ከሌላው ንብረት ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ልብስ ሲለበስ ያልቃል፤ ዕቃ ሲያገለግል ያረጃል፤ መንገድ ግን የሚጠፋው ሳይሄዱበት ሲቀሩ ነው። ሁለት በጋ ሰው ካልረገጠው ሣር ይለብሳል፤ አምስት ዓመት ካለፈው እሾህ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ መንገድ እንደ ነበረበት የሚናገር ሽማግሌ እንኳ ይጠፋል። ራምብለርስ የሚባለው የእግረኞች ማኅበር በ2020 የጥንት ካርታዎችን ከአዲሶቹ ጋር ሲያመሳክር፣ ከ49 ሺሕ ማይል በላይ የሚሆን መንገድ ሳይመዘገብ ቀርቶ አገኘ። በ2000 የወጣው ሕግ ያልተመዘገቡት ጥንታዊ መንገዶች የሚጠየቁበትን ጊዜ እስከ 2026 ወስኖ ነበር፤ ኋላ ወደ 2031 ተራዘመ፤ በ2024 መጨረሻ ላይም መንግሥት ይህን የጊዜ ገደብ ለማንሣት ማሰቡን አስታወቀ። ሕጉ የፈቀደውን ያህል ቢፈቅድ፣ የሚራመድበት ከሌለ ግን በካርታ ላይ ያለ ቀለም ብቻ ነው።

ሌላው መብትም ሁሉ እንዲሁ ነው። እውነትን የመናገር መብት ያለው ሰው ሳይናገር ቢኖር፣ ልጆቹ አባታቸው ያን መብት እንደ ነበረው አያውቁም። ጎረቤትን የመጠየቅ፣ የታመመን የመጎብኘት፣ ሽማግሌን የማማከር መንገድ ካልተመላለሱበት ይዘጋል፤ የዘጋውም ሰው አይገኝም፤ ሣሩ ብቻ ነው። ሰዎች በቂም ከተለያዩት ይልቅ ባለመሄድ ብቻ የተለያዩት ይበዛሉ።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የእኔ የሆነ ነገር በእውነት የእኔ ነው፤ ድካሜም ጥበቃዬም ያረፈበት ነውና። ነገር ግን ከእኔ በፊት የነበሩና ከእኔ በኋላ የሚመጡ ሰዎች የሚያልፉበት መንገድ በውስጡ አለ። በቤቴ ውስጥ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ፣ በጊዜዬ ውስጥ ሳይጠራ የመጣ ሰው የሚወስደው ሰዓት፣ በዕውቀቴ ውስጥ ሳይከፍል የሚማር ልጅ የሚገባበት በር አለ። እነዚህን ብዘጋ ሀብቴ አይጨምርም፤ አጥሬ ብቻ ይረዝማል። አንተም ባለ መሬት በሆንህበት ነገር መንገዱን አትዝጋ፤ አላፊ በሆንህበትም ቦታ ሳትሰብር፣ ሳትደበቅና ሳትለምን፣ ቀጥ ብለህ እለፍ፤ ስታልፍም በሩን እንዳገኘኸው ተወው።